ያለ ወቅቱ የተዘራ ሣር

የእግር ኳስ ሜዳው ሣር ተንከባካቢ አስከሬን የተገኘው ጠዋት፣ ከወዲያኛው ጎል ፊት ለፊት ነው። ሽማግሌው በጀርባቸው ተንጋለዋል። ጭንቅላታቸው ዕድሜ ልካቸውን ሣር ሲዳምጡበት በኖሩት ከባድ የብረት መዳመጫ ሥር አርፏል፤ የብረቱ ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። ቀኝ እጃቸው አጠገብ ባዶ የጨርቅ ከረጢት ወድቋል። ከጎሉ እስከ መሐል ሜዳ ድረስ የሣር ዘር ተበትኖ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ያ ስንት ወር ዝናብ ያላየ መሬት አንዳንድ ቦታ ጭቃ ሆኗል።

ሰፈሩ በሙሉ «አባ ሣር» ይላቸዋል። ቤተሰባቸው አንዲት ልጃቸውና የእሷ ባል ናቸው፤ ባልየው በሜዳው ላይ ረዳታቸው ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ተጫዋቹ፣ መንገደኛውና ፖሊሱ ጭቃውን ረጋግጠው አቡክተውታል። ጡረታዋ የተቃረበ ሴት ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፤ መሐረቧን ከእጇ አትለይም። «ሬሳ ማየት አይለመድም፤ የሚለመደው ድካሙ ነው» ትላቸዋለች ለአዲስ ፖሊሶች።

አስር አለቃው ፈጠን ብሎ ተቀበላት።

«ኢንስፔክተር፣ በከንቱ ደከሙ። ነገሩ አልቋል። ገዳዩን ይዘነዋል።»

«እንዴት ያለ ቀልጣፋ ፖሊስ ነው። ማን ሆነ?»

«የልጃቸው ባል። ትናንት አመሻሽ ላይ እዚሁ ሜዳ ላይ በጩኸት ተጣልተዋል። እሱ ይዝሩ ይላል፣ እሳቸው አልዘራም ይላሉ። ገደላቸውና እሳቸው ሲዘሩ ወድቀው የሞቱ አስመሰለ።»

«እስኪ ቀስ ብላችሁ አንሷቸው።»

አነሷቸው። መርማሪዋ ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች ቁጢጥ አለች። ሽማግሌው የተኙበት መሬት ደረቅ ነበር። ዙሪያው እርጥብ ሆኖ፣ ዘር ተነስንሶበት ሳለ፣ መሐሉ ላይ የሰው ቅርጽ ያለው ባዶ አፈር ቀርቷል።

«ከሥራቸው ምን ታያለህ?»

አስር አለቃው አጎነበሰ። «ምንም።»

«እኔም ምንም ነው የማየው። ይህንን ምንም ደህና አድርገህ ያዘው።»

የሟቹን ቀኝ መዳፍ ዘረጋች። መዳፉ ሻካራ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ የቆየ አፈር አለ። ዘር ግን አንዲት ፍሬም የለበትም።

*

ዘበኛው የሚውለው በዋናው በር፣ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ነው። ቀኝ እጁ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰለለ ሽማግሌ ነው። ከሰፈሩ አንድ ሰው ብቻ ጎድሎ ሳለ፣ ሰው ሁሉ ጠፍቶ ብቻውን የቀረ መስሎ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ጠቡን ሰምተዋል አሉ።»

«አንቺስ ብትሆኚ ትሰሚው ነበር፣ እቴ። ልጁ ‹ሣርዎ ከርስዎ ጋር ይቀበር!› ብሎ ሲጮህ እርግቦቹ ከጣሪያው ተነሱ። በዚያ ሁሉ ንዴት አንቱታውን አለመተዉ ነው የገረመኝ። ከዚያ በዚሁ በኔ በር ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ደህና እደር ብለው አልመለሰልኝም።»

«ተመልሶ አልገባም?»

«በኔ በር አልገባም።»

«ሌላ ማን ነበረ?»

«የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ከቀትር በፊት በመኪና ወጥቷል፤ ያደረውም ሌላ ከተማ ነው። አሰልጣኙ ደግሞ የሚመላለሰው በመልበሻ ክፍሉ የኋላ በር ነው፤ ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ነበረም አልነበረም አልልሽም። እኔ የተቀጠርኩት ለፊቱ በር ነው፤ ለኋላው ቅጠሩኝ ብላቸው ሳቁብኝ።»

«ልጁ ከወጣ በኋላ የሰሙት ነገር የለም?»

«ውሃ ሰማሁ። ጎማው ሲንፎለፎል። አባ ሣር ያጠጣል ብዬ ዝም አልኩ። ቢሆንም…» አለና የሰለለ እጁን በደህናው ያሻሽ ጀመር። «ቢሆንም ምን እንደሚያጠጣ ሄጄ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። በዚህ ወቅት ውሃ ማባከን እንደሚጠላ አውቃለሁ እኮ።»

*

ሥራ አስኪያጁ ከመንገድ እንደተመለሰ ነበር፤ ኮቱን እንኳ አላወለቀም። ጠረጴዛው ላይ ማራገቢያ ይንጫጫል።

«ሜዳው መላጣ ሆኗል፣ ያዩታል» አላት። «ሁሉም ሰው አሁኑኑ ይዘራ ይላል። አባ ሣር ብቻ እምቢ አሉ። ‹በሐሩር የተዘራ ለወፍ ነው። አየሩ ይብረድ፤ አፈሩ ግን ውስጡ ገና ሞቅ እንዳለ፣ ያኔ ነው ሣር የሚዘራ› ይሉኛል።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ቢዘራ ምን ችግር አለው?»

«ያ ወቅት እኛ ወደ ላይኛው ሊግ የምናልፍባቸው ጨዋታዎች የሚደረጉበት ነው። ሜዳው ከተዘራ በኋላ ሰው አይረግጠውም። በባዕድ ሜዳ ልንጫወት ነው ማለት ነው። ለአሰልጣኛችን ደግሞ የመጨረሻ ዕድሉ ነው፤ ዘንድሮ ካላለፍን ቦርዱ ያሰናብተዋል።»

«መጨረሻው ምን ሆነ?»

«ትናንት ከመሄዴ በፊት ለሽማግሌው እሺ አልኳቸው። መላጣ ሜዳ ላይ ልጆቹ እግራቸውን እየሰበሩ ነው። ብርዱ ሲገባ እንዘጋዋለን አልኩ። ለአሰልጣኙም መንገድ ላይ ሆኜ ደወልኩለት።»

«ምን አለ?»

«ምንም። ስልኩን ዘጋው።»

«ለረዳታቸውስ ማን ነገረው?»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ማንም። ያ ልጅ ሜዳው ካልለማ ሁለታችንም እንባረራለን እያለ ሲሰጋ ነበር የከረመው። እኔ ልንገረው ስላቸው ሽማግሌው ሳቁ። ‹ተወው፤ ሲቆጣ ደስ ይለኛል። ትንሽ ይንጨርጨር፤ ጠዋት እነግረዋለሁ› አሉ።»

*

አሰልጣኙን ያገኘችው ከሜዳው ጀርባ ባለው ጠጠራማ ግቢ ልጆቹን ሲያሯሩጥ ነው። ፊሽካው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከላይ የስፖርት ቱታ ለብሶ፣ እግሩ ላይ ግን የተወለወለ ጥቁር የቆዳ ጫማ አድርጓል።

«ኮች፣ ሠርግ አለብህ እንዴ?»

ጫማውን አየ። «ታኬታዬ ተቀዶ ነው። ለጫማ ሰፊ ሰጥቼዋለሁ።»

«ትናንት አመሻሽ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ብቻዬን ነኝ፤ ምስክር የለኝም። ሚስት ባገባ ኖሮ ይሄኔ ትጠቅመኝ ነበር።» ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። «አባ ሣር እንደ አባቴ ነበሩ። ግትር ናቸው እንጂ…»

«እንዲህ ግትር ከሆኑ ምን አስዘራቸው?»

«ገብቷቸው ይሆናላ። ያን ሁሉ የወቅት ትንታኔ እኔ አላምንበትም። ዘር ዘር ነው፤ አፈርና ውሃ ካገኘ ይበቅላል።»

መርማሪዋ ላቧን በመሐረቧ ጠረገች። «መልካም። ልጆቹን አሩጣቸው፤ እኔ አይቼ ደከመኝ።»

*

የሟቹ ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። ለቀስተኞች የተቀመጡባቸው ወንበሮች ገና ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። እሷ ግን የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የማንም ያልሆነ ጨርቅ ትሰፋለች፤ ትፈታለች፤ መልሳ ትሰፋለች።

መርማሪዋ ባዶውን ከረጢት ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችላት።

«ታውቂዋለሽ?»

«እኔ ነኝ የሰፋሁት። ሁለት ናቸው። ይሄ ስሱ የብርዱ ሣር ዘር ነው፤ አባዬ ‹ይሄ ትንፋሽ ይፈልጋል› ስላለኝ ከስስ ጨርቅ ሠራሁለት። ሌላው ወፍራሙ፣ ሙቀት የሚችለው ሣር ነው።»

«ወፍራሙ መጋዘኑ ውስጥ እንደተሰቀለ፣ እንደሞላ ነው። የቱ የቱ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«አባዬ። እና እሱ።»

«ባልሽ?»

«እሱ» አለች፤ ስሙንም ዝምድናውንም ከአፏ ማውጣት እንዳቃታት ያስታውቃል።

«ጣቢያ ሄደሽ አየሽው?»

የመኪናውን መንኮራኩር በመዳፏ ይዛ አቆመችው። «እትዬ፣ ሰው ሁሉ ይመጣና አንዱ ‹ምስኪን ባልሽን አሰሩብሽ› ይለኛል፤ ሌላው ‹እባብ ታቅፈሽ ስትተኚ ነበር› ይለኛል። ሁሉንም እሺ እላለሁ። እሱ ከገደለው ይንገሩኝ፤ ካልገደለውም ይንገሩኝ። አልጋው ላይ እሱ የሚተኛበት ጎን አለ፤ ወደዚያ ዞሬ ልተኛ አልቻልኩም፤ ጀርባዬን ሰጥቼም ልተኛ አልቻልኩም።»

 መርማሪዋ ከረጢቱን መልሳ ወሰደች። ተነስታ ወጣች።

*

ረዳቱ በእስር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያውን ወስደውበታል።

«ሚስቴ መጣች?»

«አልመጣችም።»

ራሱን ነቀነቀ። «አልገደልኳቸውም። ግን ያን ቃል ብያለሁ። ይቀበር ብያለሁ፤ ተቀበሩ። ምን ልበል ከዚህ በኋላ?»

«ስለ ዘሩ ልትነግረኝ ትችላለህ። ባዶ የተገኘው ስሱ ከረጢት ነው።»

ልጁ መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ብድግ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ የሰው ድምፅ ሆነ።

«ስሱ? በዚህ ሐሩር? ያበደው ማነው? እኔ እንዝራ ያልኩት ወፍራሙን ነው፣ ሙቀት ስለሚችል! እሳቸውም ‹አዎ አሁን ይበቅላል፤ ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ይደርቅና ሜዳው ዳግም መላጣ ይሆናል፤ ታገስ› ነው ያሉኝ። የተጣላነው በዚህ ነው። ስሱን አሁን መዝራት እንደሆነማ የሁለታችንም ሐሳብ አልነበረም።»

«ስሱ ዘር ምን ይወዳል?»

«ቅዝቃዜ። የማያቋርጥ እርጥበት። ትንሽ ጥላ ቢያገኝ ደግሞ ቶሎ ነው የሚነሳው። ሜዳው ላይ ግን አሁን ይቆላል እንጂ አይበቅልም።»

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆም አለች። ‹ቅዝቃዜና እርጥበት› ብላ ለራሷ ደገመችው። ከዚያ ለአስር አለቃው የሰፈሩን ጫማ ሰፊዎች ሁሉ እንዲዞር ነገረችው። እሷም ተጫዋቾቹ በሌሉበት ሰዓት የመልበሻ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና ምንም ሳትነካ ወጣች። ሌላ ነገር አላደረገችም፤ ጠበቀች። ቀናት አለፉ። ሜዳው ላይ የተበተነውን ወፍ ለቀመው፤ የቀረውን ፀሐይ ጠበሰው።

*

ሁሉም የተሰበሰቡት መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ውጭው እንደ ምድጃ ሲግል ውስጡ ይቀዘቅዛል። ከጣሪያው ሥር የሚያልፈው ቧንቧ ያንጠባጥባል። ሥራ አስኪያጁ ቆሟል። ዘበኛው አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አሰልጣኙ የብረት ቁምሳጥኖቹ አጠገብ፣ ያንኑ የቆዳ ጫማ አድርጎ፣ ክንዶቹን አጣጥፏል። የሟቹ ልጅ በሩ ጋ ናት። ባሏን እጁን በካቴና አስረው ሲያስገቡት ቀና ብላ አላየችውም።

መርማሪዋ ከዘበኛው ጎን ተቀመጠች። «ቁጭ ብዬ ብናገር ይቅር በሉኝ። ነገሩ አጭር ነው፤ ጉልበቴ ግን ለአጭር ነገርም አይሆንም።

«አባ ሣር ሲዘሩ ወድቀው ከሞቱ ዘሩ ከሥራቸው መገኘት ነበረበት። አልነበረም። ውሃውም ከሥራቸው አልገባም። መዳፋቸው ላይ አንዲት ፍሬ የለም። ስለዚህ ዘሩን የዘራው ሌላ ሰው ነው፤ የዘራውም እሳቸው ከወደቁ በኋላ ነው።»

«እሱንማ እኛም ብለናል» አለ አስር አለቃው ወደ እስረኛው እያየ።

«ብላችኋል። ግን የቱን ዘር? መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ከረጢት ተሰቅሎ ነበር። ይሄ ልጅ ሲጮህ የዋለው ወፍራሙ ይዘራ ብሎ ነው። ሽማግሌው የዘሩ ለማስመሰል ቢፈልግ፣ በሐሩር ሊዘራ የሚችለውን ትቶ በሐሩር የሚሞተውን ያነሳል? ሣር ያሳደገ እጅ ይህን አይሳሳትም። የተሳሳተው ዘር ሁሉ አንድ የሚመስለው ሰው ነው።»

የሟቹ ልጅ አፏን በእጇ ያዘች። የከረጢቶቹን ልዩነት ለመርማሪዋ የነገረቻት ራሷ ነበረች፤ ነገሩ ባሏን ነፃ እንደሚያወጣው ግን እስከ አሁን አላሰበችም።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አይደል!» አለ ዘበኛው በቀስታ።

«ዘበኛችን በአንድ እጃቸው ያን ሁሉ ዘር በትነው ጎማ ሊጎትቱ አይችሉም። ሥራ አስኪያጁ ሌላ ከተማ ነበሩ፤ አጣርቻለሁ። ደግሞም ከሽማግሌው ጋር ታርቀዋል። በዚያ ቀን አባ ሣርን የሚጣላበት አዲስ ምክንያት ያገኘ አንድ ሰው ነው፤ ሜዳው በጨዋታው ወቅት ሊዘጋ ነው ተብሎ በስልክ የተነገረው። በኋላ በር የሚገባ ሰው። ‹ዘር ዘር ነው› ያለኝ ሰው።»

አሰልጣኙ አልተነቃነቀም። «ይሄ ሁሉ ወሬ ነው።»

«ነበር። ታኬታህን የትኛው ሰፊ ጋ ሰጠኸው? አስር አለቃው ሁሉንም ዞሯል፤ የተቀበለ የለም።» በመሐረቧ ወደ ቁምሳጥኑ አመለከተች። «ይሄ ያንተ ነው። ቧንቧው የሚንጠባጠበው በላዩ ላይ ነው። እስኪ ክፈተው።»

«ቁልፉን…»

«ኮች» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ክፈተው። ሁላችንም ደክሞናል።»

ከፈተው። የቁምሳጥኑ ወለል ላይ ውሃ አቁሯል። ታኬታዎቹ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ላያቸው ታጥቧል፤ ከሥር፣ በጥርሶቹ መሐል ግን ጭቃ ተጠቅጥቆ ቀርቷል። ከዚያ ጭቃ ውስጥ ሣር በቅሏል። ቀጭን፣ ፈዛዛ፣ እንደ ሕፃን ፀጉር የለሰለሰ ሣር።

ዘበኛው ለማየት ከአግዳሚው ተነሳ።

«ሜዳው ላይ አንዲትም አልበቀለችም» አለች መርማሪዋ። «ወቅቱ አይደለማ። እዚህ ግን ቅዝቃዜ አገኘ፤ ሳያቋርጥ የሚንጠባጠብ ውሃ አገኘ። ሜዳው ጭቃ የሆነው የዚያን ዕለት አመሻሽ ብቻ ነው፤ ጠዋት አስከሬኑ ሲገኝ አንተ በቆዳ ጫማ ነበርክ። በዚህ ጫማ ዘሩን የረገጠው የዘራው ሰው ነው። ወደ መጋዘኑ ገባህ፤ ሁለት ከረጢት አየህ፤ ቀለል ያለውን አነሳህ። ሰው ሲዘሩ ወድቀው ሞቱ ይላል፤ ከበቀለልህም ሜዳው አይዘጋም።»

አሰልጣኙ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «ገፋኋቸው እንጂ አልመታኋቸውም» አለ። «አንድ ዓመት ብቻ ይታገሱኝ ብዬ ለመንኳቸው። ‹መሬት ያንተን ቀጠሮ አያውቅም› አሉኝ። ገፋኋቸው። መዳመጫው ከኋላቸው እንደነበረ አላየሁም።»

«ታኬታውን ለምን አልጣልከውም?» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ለምን ይህን እንደጠየቀ ራሱም የሚያውቅ አይመስልም።

«ተጫዋች ሆኜ ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወትኩበት ነው። ልጥለው ሄጄ ተመለስኩ።»

መርማሪዋ መሐረቧን አጠፈችው። «አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሐኪሙ ወዲያው አልሞቱም ይላል። ስትዘራ ይተነፍሱ ነበር?»

አሰልጣኙ ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀ።

«ወደሳቸው አላየሁም» አለ።

የሟቹ ልጅ ግድግዳውን ተደገፈች። ዘበኛው በደህና እጁ ዓይኑን ሸፈነ። አስር አለቃው አሰልጣኙን ክንዱን ይዞ ወሰደው።

*

የረዳቱን ካቴና ፈቱለት። ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያውን በወረቀት ከረጢት አድርገው አስረከቡት። ባልና ሚስቱ ከሜዳው በር ውጭ፣ ጥላ በሌለበት መንገድ ዳር ቆሙ።

«አልመጣሽም» አላት።

«አልመጣሁም።»

«ገድሏል ብለሽ ነው?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ እሱም ውሸቱን ይቀበላት ነበር።

«አዎ» አለችው።

የእጁን አንጓ አሻሸ። ካቴናው የነበረበት ቦታ ቀልቷል። «እኔም እዚያ ውስጥ ሆኜ አንዳንድ ቀን ገድያቸው ይሆን እል ነበር።» ከዚያ፣ «ቤት ልምጣ?» አለ።

«ሌላ የት ልትሄድ ነው?»

«አላውቅም። ለዚህ ነው የጠየቅኩሽ።»

«ስማኝ። ዛሬ ይቅርታ ልጠይቅህ አልችልም። አቅም የለኝም። ነገም ላይኖረኝ ይችላል።»

«እኔም የመስማት አቅም የለኝም።»

«እንግዲያው ዝም ብለን እንሂድ።»

መንገድ ጀመሩ። ማሰሪያ የሌለው ጫማው በየእርምጃው ከተረከዙ እየወለቀ መሬቱን ይመታል። እሷ ትንሽ ቀደም ብላ ትሄዳለች፤ ድምፁን ትሰማለች፤ አትዞርም። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ቆመች። ከእጁ የወረቀት ከረጢቱን ተቀበለችው። ማሰሪያዎቹን አወጣችና አቧራው ላይ ተንበርክካ ጫማውን ታስርለት ጀመር። የልብስ ሰፊ ጣቶች ናቸው፤ ክሩን በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሳይሳሳቱ ያስገባሉ። እሱ ከላይ ቆሞ ፀጉሯ አናቷ ላይ የተከፈለበትን መስመር ያያል። ልብሷ አባቷ የሞተባት ሴት ልብስ ነው፤ ጥቁር፤ ትከሻው ላይ ፀሐይ ያቃጥላል።

ቋጠረችው።

«ጠበቀብኝ» አላት።

«ይጥበቅ» አለች፤ ሁለተኛውንም ማሰር ጀመረች።